ሐይቁ መውጫ የለውም፦ ከምኑ ልጀምር ለምትሉ ሐዋሳዎች

ክረምት ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት በራችን ላይ ያለው ቦይ ሞልቶ ይወርዳል። ቆሜ ሳይ አንድ ሰማያዊ ፌስታል መጣ፣ ከኋላው ክዳን የሌለው ሃይላንድ፣ ከዚያ የሸንኮራ ልጣጭ፣ ከዚያ የሕፃን ዳይፐር። ወዴት ይሆን የሚሄዱት ብዬ ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳቸው። መንገድ ተሻገሩ፣ ቱቦ ውስጥ ገቡ፣ በወዲያኛው በኩል ወጡ፣ ቁልቁል ቁልቁል እያሉ ሄደው መጨረሻቸው ሐይቁ ዳር ሆነ። የቦዩ አፍ ላይ ቆሻሻው ተከምሯል፣ ክምሩ ላይ ሁለት አባ ኮዳ ቆመው በመንቁራቸው ይፈትሹታል። ከእነሱ 20 እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ አንድ ልጅ በመንጠቆ ዓሣ ያጠምዳል።

አካባቢን እንጠብቅ ሲባል የምንሰማው ዝርዝር ረጅም ነው። ችግኝ ትከሉ፣ ፌስታል ተዉ፣ መብራት አጥፉ፣ በእግር ሂዱ። ሁሉም ልክ ነው። ግን ሥራ የሚሄድ፣ ልጅ የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሁሉንም በአንዴ ሊይዝ አይችልም። እኔም አልቻልኩም። ስለዚህ ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው የበለጠ ይጠቅማል፣ የትኛው ይቀላል፣ የትኛው ኪስ አይጎዳም የሚለውን የደረስኩበትን ልጻፍላችሁ።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ሐዋሳ ሐይቅ አንድ ነገር። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጣም ጠለቅ የሚለው ቦታ 22 ሜትር አካባቢ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ ጥቂቱ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ አብሮት የገባው ፕላስቲክ፣ ዘይትና አፈር ግን አይተንም። ሌላ ከተማ ወንዝ ቆሻሻውን ወስዶ ከዓይን ያርቅለታል፣ እኛ ጋ የለቀቅነው ሁሉ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው መዝናኛ ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣበት ፊት ለፊት ነው የሚጠራቀመው። እና እኔ ከሁለት ነገር አንዱን በመረጥኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ የዚህ ነገር መጨረሻው የት ነው?

ማብሰያ፦ ከሰል፣ ኤሌክትሪክ ወይስ ሲሊንደር

አንድ ነገር ብቻ መቀየር የምችለው ካላችሁኝ ይሄን ቀይሩ እላለሁ። ብዙ ሰው ፌስታልን ያስቀድማል፣ ምክንያቱም ፌስታል ይታያል። ከሰል ግን ዛፍ የነበረ መሆኑ አይታይም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በባህላዊው መንገድ እንጨት ተከምሮ በአፈር ተሸፍኖ ሲከሰል፣ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። አብዛኛው ጉልበቱ እዚያው ጫካ ውስጥ ጢስ ሆኖ ይቀራል። እኛ የምንገዛው የተረፈውን ነው። ዛፉ ሲሄድ ደግሞ አፈሩ ይከተላል። ጨለለቃን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። የዛሬ 50 ዓመት ገደማ ውሃ የነበረ ቦታ ነው፣ አሁን ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል፣ ዙሪያው ያለው ደን ሲመነጠር ጎርፉ ያመጣው ደለል ለዚህ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። ጥቁር ውሃም በዚያ በኩል ነው ወደ ሐይቁ የሚመጣው።

ኤሌክትሪክስ? የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ኃይል ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የድንጋይ ከሰል አቃጥለው መብራት በሚያመነጩ አገሮች የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥቅሙ አከራካሪ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ጋ ግን ጥያቄ የለውም። ችግሩ ሌላ ነው። መብራት ይጠፋል። የታሪፉ ዋጋ አጠቃቀም በጨመረ ቁጥር በደረጃ ከፍ ይላል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3500 ዋት አካባቢ የሚጎትት ነገር ስለሆነ ደከም ያለ መስመር አይችለውም።

እኔ ያገኘሁት መላ እንጀራን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መጋገር ነው፣ በጠዋት፣ ሰፈሩ ገና ምጣድ ሳይሰካ። ምጣድ መጀመሪያ ሲሞቅ ብዙ ጉልበት ይበላል፣ ስለዚህ ሦስት ጊዜ እያሞቁ አምስት አምስት ከመጋገር አንዴ አሙቆ 15 መጋገር ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ከነቀልኩት በኋላ ነው የምጋግራቸው፣ ሸክላው ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ በደንብ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቆሎ ያምሳል።

ሲሊንደር ጋዝ ንጹህ ነው፣ ቶሎ ያበስላል፣ ዓይን አያቃጥልም። ግን ከውጭ የሚመጣ ነዳጅ ነው፣ ይወደዳል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አቅሙ ላለው መብራት በሚጠፋበት ቀን እንደ መጠባበቂያ ጥሩ ነው። የላምባ ምድጃ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፣ ጥቀርሻውና ሽታው ቤት ውስጥ ይቀራል።

ከሰሉን ሙሉ በሙሉ መተው የማትችሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ። አክስቴ ጋ ይህን ሳነሳ "የኔ ልጅ፣ ጀበና ስቶቭ ላይ ተጥዶ እሱም ቡና ሊባል ነው?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ተስማማን፦ ወጡም፣ ሽሮውም፣ ውሃ ማፍላቱም በኤሌክትሪክ ይሁን፣ ከሰሉ ለቡና ብቻ ይቅር። በወር ሁለት ማዳበሪያ ከሰል ይገባበት የነበረ ቤት አሁን አንዱ ማዳበሪያ ሁለት ወር ይቆያል። እንደኔ ግምት፣ እሷን ያለ ከሰል ቡና ለማሳመን አንድ ዓመት ከምጨቃጨቅ ይሄ እጅግ ይሻላል።

ከሰል ከቀጠለ ፈርኔሎውን ቀይሩ። ላቀች የሚባለው፣ ውስጡ ሸክላ ያለው፣ ከተራው የቆርቆሮ ፈርኔሎ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። በእንጨት እንጀራ ለሚጋግር ደግሞ ምርጥ ምጣድ አለ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል፣ ጢሱንም ይቀንሳል። የገጠር ዘመድ ላለው ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። አንድ ነገር ግን በጣም እለምናችኋለሁ፦ ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል አታቅልጡ። ስንት ቤት አየሁ መሰላችሁ፣ ጥቁር ፌስታል ክብሪት ተጭሮበት ከሰሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሕፃን አጠገቡ ተቀምጦ። ያ ጢስ መርዝ ነው። ስንጥር ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ፈርኔሎ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይዞ መተኛት ሰው ይገድላል፣ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውምና ማንም አይነቃበትም።

እጣቢ የት ይደፋ

ከማብሰያ ቀጥሎ እኔ የማስቀምጠው ይሄን ነው፣ እና ማንም አያወራለትም።

አራት ዓይነት ሰው አለ። ሐይቁ ዳር ወርዶ የሚያጥብ፣ ቤቱ አጥቦ ቦይ ውስጥ የሚደፋ፣ ቤቱ አጥቦ ጉድጓድ ውስጥ የሚደፋ፣ እና አፈር ላይ የሚያፈስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ልዩነታቸው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ነው። ቦዩን ተከትያለሁ አልኳችሁ፣ መጨረሻው ያው ነው። ሳሙና በተለይ ፎስፌት ያለበት የዱቄት ሳሙና ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይታፈናል። አሞራ ገደል ሄዳችሁ የምትበሉት ቆሮሶ የሚተነፍሰው ያንኑ ውሃ ነው።

ጉድጓድ ይሻላል፣ ግን ቶሎ ይሞላል፣ ማስመጠጫውም ውድ ነው። እኔ የምመርጠው አራተኛውን ነው፣ አፈር ላይ ማፍሰስ። አፈር ብዙ ነገር ያጣራል። ግቢያችን ውስጥ አንድ የሙዝ ተክልና ሁለት ኮባ አለ፣ የልብሱ እጣቢ በፈረቃ እነሱ ሥር ይገባል። ሕጉ ቀላል ነው፦ በረኪና ያለበት ውሃ አይደፋም፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ላይ አይፈስም፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሁልጊዜ አይደፋም። ሳሙናውንም ቀንሱት። አረፋ ስለበዛ ልብስ አይጠራም፣ እናቶቻችን ይህን ያውቃሉ፣ መጀመሪያ ዘፍዝፎ ማሳደር ግማሹን ሥራ ይሠራል።

ባጃጅና ሞተር ያላችሁ ወንድሞች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሐይቁ ዳር አስጠግቶ ማጠብ ነጻ ነው፣ ላቫጆ ገንዘብ ያስወጣል፣ ይገባኛል። ግን ከሥሩ የሚወርደው ግራሶና የሞተር ዘይት ነው፣ ትንሽ ዘይት ደግሞ ሰፊ ውሃ ላይ ይዘረጋል። ላቫጆው ውድ ከሆነ ቤታችሁ በሁለት ባልዲ ውሃና በጨርቅ ጥረጉት፣ ከጎማ ውሃ ያነሰ ይፈጃል። የተቀየረ ዘይት ጀሪካን ውስጥ አድርጋችሁ ጋራዥ ውሰዱት።

ፌስታል ወይስ ዘንቢል

ሕጉን በአጭሩ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፣ ገበያው ግን አልሰማውም። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከለከለ፣ የሚጠቀም ግለሰብም ከ2000 እስከ 5000 ብር እንደሚቀጣ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የፍላጎት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን ምን ይተካው ነው ጥያቄው። ብዙ ሰው ሮጦ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ ይገዛል፣ ቤቱ ውስጥ ሦስት እያለው። ይሄ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ጥጥ ለማምረት ብዙ ውሃ ይፈልጋል። የእንግሊዝ የአካባቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት አንድ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ በሚያደርሰው ጫና ከአንድ ቀጭን ፌስታል እንዲሻል 131 ጊዜ አገልግሎት ላይ መዋል አለበት። ይሄ ፌስታልን አያጸድቅም፣ ምክንያቱም ጥናቱ ቦይ ውስጥና ሐይቅ ዳር የሚቀረውን ቆሻሻ አልመዘነም። የሚለን ግን አንድ ቦርሳ ያዙና እስኪቀደድ አትልቀቁት ነው።

ከዚህ አንጻር ዘንቢልን የሚያህል የለም። ከሰሌን የተሠራ፣ ዓመታት የሚያገለግል፣ ሲያረጅ አፈር የሚሆን። ድክመቱ ትልቅነቱ ነው፣ ከሥራ ሲመለሱ ድንገት ቲማቲም ልግዛ ለሚል አይመችም። ለዚያ እኔ አንዲት አሮጌ ነጠላ ቆርጬ ያሰፋኋት፣ ኪስ ውስጥ የምትታጠፍ ከረጢት አለችኝ። ለሥጋና ለዓሣ ክዳን ያለው ሳህን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ሻጩ ግር አለው፣ አሁን ሲያየኝ ራሱ "ሳህኑን ወዲህ በል" ይለኛል። ቅቤና ቆጮ ደግሞ ድሮም መጠቅለያ አላቸው። የኮባ ቅጠልን ያህል ንጹህ፣ ነጻና ቶሎ የሚበሰብስ መጠቅለያ ሲዳማ ውስጥ እያለ ቅቤውን በፌስታል የሚሰጥ ሻጭ ካያችሁ በኮባ ይሁንልኝ በሉት። የወረቀት ከረጢቱ ለደረቅ ነገር እሺ፣ ለእርጥብ ግን ሁለት መንገድ ሳይሻገር ይቀደዳል።

የሚጠጣ ውሃ

ሃይላንድ መግዛት፣ ቧንቧ አፍልቶ መጠጣት፣ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጠብ ማድረግ፣ ማጣሪያ መግዛት። በቆሻሻ በኩል የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ሁሉ ሃይላንድን ይበልጣሉ። በዋጋ ውሃ አጋር የሚረክስ ነው፣ ጣዕሙን ግን ሁሉም አይወደውም። ማፍላት ጣዕም አይቀይርም፣ ግን ጉልበት ይበላል፣ ስለዚህ ብዙ ሰዓት አታንተክትኩት። በእኛ ከፍታ ውሃው ተንፈቅፍቆ ለ1 ደቂቃ ከፈላ ይበቃል። በከሰል ማፍላት ግን የፕላስቲኩን ችግር በዛፉ መቀየር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ማፍላትም ሆነ ውሃ አጋር ፍሎራይድን አያወጣም። የግል ጉድጓድ የምትጠጡ ከሆነ ሳታስመረምሩ በዚህ ጽሑፍ ተማምናችሁ ሃይላንዱን አትተዉ። የገዛችሁትን ጠርሙስ ደግሞ ሰብስባችሁ ለቁራሌው ስጡ፣ እሱም እንጀራው ነው።

የቤት ቆሻሻ፦ ማቃጠል፣ መጣል ወይስ ማብላላት

ጉድጓድ ቆፍሮ ቆሻሻውን ማቃጠል የለመደ ሰፈር አለ። ቅጠልና ወረቀት ብቻ ቢሆን እንኳ ጢሱ ጎረቤት ያስለቅሳል፣ ፕላስቲክ ከተጨመረማ መርዙን ራሳችን ነን የምንተነፍሰው። ቦይ ውስጥ መጣሉን ተናግሬያለሁ። ለሚሰበስቡት ማኅበራት መስጠት ትክክል ነው፣ ግን የቤታችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፦ የአቮካዶና የሙዝ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ገለባ፣ የሸንኮራ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ። ይህን ሁሉ በመኪና አስጭኖ ከከተማ ማስወጣት ለምን?

እኔ የምጠቀመው አሮጌ ማዳበሪያ ጆንያ ነው። ጎኑን በቢላ ቀዳድጄ ጥላ ውስጥ አቆምኩት። አንድ እጅ እርጥብ ነገር ስጨምር ሁለት እጅ ደረቅ ቅጠል ከላይ አለብሳለሁ። የከበደ ገረባ ቶሎ አይበሰብስምና ቆርጡት። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ስፖንጅ ይሁን። በሳምንት አንዴ በእንጨት ማገላበጥ። መጀመሪያ ላይ ሸተተኝ፣ ዝንብም መጣ፣ ምክንያቱ የደረቅ ቅጠሉ ማነስ ነበር። ጨመርኩበት፣ ሽታው በሦስት ቀን ጠፋ። የሐዋሳ ሙቀት ያግዛል፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ጥቁር፣ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ነገር ይወጣል። ሥጋ፣ ዘይትና አጥንት አይጨመርም፣ አይጥ ይጠራል።

መንገድ፣ አምፖልና ችግኝ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምርጫው ግልጽ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ብስክሌት የሚወዳት ከተማ። ከገብርኤል እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ለዚያ ባጃጅ ኮንትራት አያስፈልግም። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለሩቅ መንገድ ሦስት ሆኖ ባጃጅ መጋራት፣ ለመካከለኛው ብስክሌት፣ ለቅርብ እግር። ብስክሌት ላይ ከስርቆቱ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም፣ ጥሩ ቁልፍ ግዙ።

አምፖል ስትቀይሩ ኤል ኢ ዲ ይሁን፣ 9 ዋቱ የድሮውን የ60 ዋት ብርሃን ይሰጣል። ችግኝ ላይ ደግሞ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ አትትከሉ፣ ውሃ ይሻማል፣ ሥሩም ከቤት ጋር አይስማማም። ዋንዛ ወይም አቮካዶ ይሻላል፣ የተዳቀለ አቮካዶ በሦስት አራት ዓመት ያፈራል። አሥር ተክሎ ከመርሳት አንዱን ለሁለት በጋ ውሃ ማጠጣት ይበልጣል።

ተከራይ ለሆናችሁ

ይህን ሁሉ ያነበበ ተከራይ "አከራዬ ምጣድ አያሰካኝም" እንደሚል አውቃለሁ፣ እኛም ግቢ እንዲሁ ነበር። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው፣ ምጣድ የሰካ ሰው ለሁሉም ሂሳብ ያስጨምራል ተብሎ ተከልክሎ ነበር። ተሰባስበን አከራያችንን አነጋገርናቸው። ምጣድ የሚሰካው አንድ ቦታ፣ ለብቻው ትንሽ ቆጣሪ በተገጠመለት መስመር ላይ ይሁን፣ የጋገረ ሰው ቁጥሩን ጽፎ ይክፈል አልን። እሳቸው ያነሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ገመዱ ወፍራም ይሁን፣ ኤሌክትሪሻን ይሥራው። ወጪውን ለአምስት ተካፈልን። ደብተሩ አሁን ማድቤቱ በር ላይ በገመድ ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ ማክሰኞ የእኔ ተራ ነው፣ ከእኔ ቀጥሎ የምትጋግረው ጎረቤቴ ምጣዱን ሳይቀዘቅዝ ስለምትረከበኝ በዚያው ሙቀት ትጀምራለች።